ዘሀራ እሺ ያለች ቀን

ልጄ ማኅሌት ባለፈው ከሞጣ ስትመጣ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት በቦርሳዋ ይዛ መጣች። ማኅሌት ነርስ ናት፤ እዚያ ነው የተመደበችው። ሰው እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ስኳር ወይም ሳሙና ይይዛል፣ የኔዋ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ተሸክማ መጣች። ባየው ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ነው። ሰው ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላል፣ ሰይፍ ይማዘዛል፣ አቧራው ይጨሳል። ጃፓኖች የሚሠሩት ነው አለችኝ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተሣለ ለብዙ ዓመት ይወጣል፤ እሷ ሳትወለድ ተጀምሮ እስከ ዛሬ ያላለቀ አለ። ኋላ የወጣውን ሰብስበው ሦስት አራቱን ክፍል በአንድ ላይ ይጠርዙታል። ያዋሳት አብሯት የሚሠራ፣ ከናዝሬት ተመድቦ የመጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው።

ይህን እያወራችኝ ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና አንዱን ገለጠችው። እኛ የመጽሐፍ ማብቂያ በምንለው በኩል ነው የገለጠችው። ከዚያም ከኋላ ወደ ፊት ታነብ ጀመር። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። ምነው እማ መልክሽ ተለዋወጠ አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ ማኅሌት ነገር በቀላሉ የምትቀበል ልጅ አይደለችም። ብቻ ተወችኝ።

ስትመለስ መጻሕፍቱን እኔ ዘንድ አስቀምጣ ሄደች። መንገድ ላይ ፍተሻው ብዙ ነው፣ ይሄ ሁሉ ሰይፍ ምንድን ነው እያሉ እንዳያቆሙኝ አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። እሷ ከሄደች ወዲህ መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል፣ ስልኩ ይመጣል ይሄዳል። አባቷ ካረፈ ቆይቷል፤ ቤቱ ውስጥ እኔና ዶሮዎቼ ብቻ ነን። መጻሕፍቱ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጠዋል፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ዓይኔ እነሱ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የሞጣዋ ዘሀራ ትዝ ትለኛለች። ለልጄ ያልነገርኳትን እዚህ ላውራው።

ልጅ እያለሁ ብቸና ከተማችን ዳር የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ የውጭ አገር ሰዎች ሰፍረው ነበር። ጃፓን ይሁኑ ሌላ ማን ጠይቆ፤ ለሰፈራችን ሁሉም ፈረንጅ ነበሩ። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ዘመኑን ታስታውሱታላችሁ፤ ስኳር በቀበሌ ወረፋ የሚወሰድበት፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ደጃፍ ጭር የማይልበት ጊዜ ነው። የመቆፈሪያው መኪና ሲነሣ የቤታችን ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ የግቢያቸው ዘበኛ ነበር። ሲገባ የመኪና ግራሶ ሽታ ይዞ ይገባል። እኔ ያን ሽታ እወደዋለሁ፣ እናቴ ግን ልብሱን ውጭ ካላወለቀ በሩን አታሳልፈውም።

ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ለአባቴ አንድ የዝናብ ልብስ፣ አንድ ባዶ በርሜልና ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት ሰጡት። እናቴ በርሜሉን ልትስመው ምንም አልቀራት፤ የውሃ ማጠራቀሚያ ካማራት ቆይቷል። መጻሕፍቱን አባቴ የተቀበላቸው ለግድግዳ ነው። ያኔ ቤት የሚያምረው ወረቀት ሲለጠፍበት ነበር፤ የዱቄት ሙጫ ይበጠበጥና ጋዜጣው ከታች እስከ ላይ ይለጠፋል፣ ቤቱ ለብዙ ቀን ሊጥ ሊጥ ይሸታል። እናቴ ሙጫውን አዘጋጅታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ልትገነጥል አንዱን ገለጠችውና ቆመች። ሰው በሰይፍ ሲተላለቅ እያየሁ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል አለች። ታዲያ በወረቀቱ ምን ይደረግ አላት አባቴ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ማን እንዳሸነፈ ልየው" አለችው።

ሙጫው ደረቀ። እኛም ማንበብ ጀመርን።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነበር፣ የመጽሐፉ ፊደል ግን ለመምህራችንም አይገባቸውም ነበርና ሁላችንም እኩል ነበርን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ደጃፉ ላይ ቁርበት አንጥፋ ታስቀምጠኛለች። ፀጉሯ ቅቤና አሪቲ ይሸታል። ቄሱ ወንጌሉን ሲገልጡ እንዳየችው በግራ በኩል ገለጠችው፣ እኔም ሌላ መንገድ አለ ብዬ አላሰብኩም። ባለታሪኩ የአንድ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ፣ ሰይፍ የታጠቀ ሰው ነው። ስሙን ማንበብ ስላልቻልን እናቴ ጎበዜ አለችው።

ሲጀመር ጎበዜ ሽማግሌ ነው። በረዶ ሜዳውን ሞልቶት፣ አንዲት ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጧል። ከዚያ ተነሥቶ ይሄዳል። በየደረሰበት ሰዎች መሬት ላይ ወድቀው ያገኛል፤ ሰይፉ ሲነካቸው ይነሣሉ። የፈሰሰው ደም ወደ ገላቸው ተመልሶ ይገባል። ከተነሡ በኋላ ትንሽ ይታገሉና፣ ፊት ለፊት ቆመው እጅ ተነሣሥተው ይለያያሉ። "ተመልከች፣ ሲነካው ተነሣ" ትለኝ ነበር እናቴ፤ "ይሄ ሰይፍ እንደ መስቀል ነው።" ገጹ በተገለጠ ቁጥር ጎበዜ ወጣት እየሆነ ይሄዳል። እናቴ ለዚህም መላ አበጀችለት፤ ሰው ባዳነ ቁጥር ዕድሜው ይታደስለታል አለችኝ። የተቃጠለው መንደር ከአመዱ ይነሣል፣ የተበተነው ሰው ቤቱ ይገባል። እንዲህ ያለ ደግ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ እንኳ እያላገጠ ቆሞ ያይ ነበር፤ ይሄ ሰውዬ ከኛ ቀበሌ ሊቀ መንበር ይሻላል ሲል እናቴ አፉን እንዲይዝ በዓይኗ ትቆጣዋለች።

ሁለተኛውን መጽሐፍ ስንጀምር እናቴን ሆዷን ያማት ጀመር። ጠበል ተጠመቀች፣ ክሊኒክም ሄደች። ሆዷ እያበጠ ፊቷ ከሳ። ያም ሆኖ መጽሐፋችንን አልተውንም፤ እሷ ተጋድማ ታያለች፣ ገጹን የምገልጠው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከተቃጠለ ቤት አመድ ውስጥ አንዲት ሴት ወድቃ አገኘን። ጎበዜ ትንሽ ልጅ ሆኗል፣ ጆሮው ይደማል፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ሰይፍ የለውም። ሰይፍ ስለሌለው ፈራሁ። እናቱ ናት አለችኝ እናቴ። ትነሣለች ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳትመልስልኝ አባቴ ገባ፤ መኪና ተገኝቷል፣ በማግስቱ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሊወስዳት ነው።

እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ክር መዘዘችና ገጹ ላይ አኑራ መጽሐፉን ዘጋችው። "ትነሣለች" አለችኝ፤ "ስመለስ አብረን እናያለን። ብቻሽን እንዳትገልጪው።"

የባሕር ዳር መንገድ በሞጣ ያልፋል። አባቴ እኔን ሞጣ እህቱ ዘንድ አወረደኝ። ከመኪናው ስወርድ እናቴ ከኋላ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር፤ ክንዷን ማንሣት አቅቷት ጣቶቿን ብቻ አነቃነቀችልኝ። አክስቴ የሻረግ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። እህል ትቸረችራለች። ክፉ አልነበረችም፣ ግን ወሬ አታውቅም። ቤቷ ጤፍና አቧራ ይሸታል፤ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ድምፅ ሁሉ እሱ ውስጥ የሚቀር ይመስላል። እናቴ መቼ ትመጣለች ስላት፣ እግዜር ሲል ትለኛለች፣ ከዚያ ወደ ጤፏ ትመለሳለች። ሁለቱንም መጻሕፍት ይዤ መጥቼ ነበር፤ ብቻዬን ጆንያዎቹ መሃል ተቀምጬ ክር ያለበትን አቅፌ እውላለሁ።

አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ ክሩ ካለበት ገለጥኩት። ሴትየዋ ተነሣች። በሚቀጥለው ገጽ በሯ ላይ ቆማለች፣ ከዚያ እሳት ታነዳለች፣ ከዚያ ለልጇ ታጎርሰዋለች፣ ጆሮውም ደህና ሆኗል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ጎበዜ ሕፃን ሆኖ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ተኝቷል። በጨርቅ ነው ያዘለችው፣ ልክ እንደኛ እናቶች። ግቢውን ዞርኩት፣ ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ እንደምትድን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አክስቴን መጠየቅ ተውኩ።

የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው የጋሼ ሰይድ ልጅ ዘሀራ ናት ይህን ያበላሸችብኝ። ዕድሜዋ ከኔ እኩል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰሌዳዋን ታቅፋ ቁርአን ቤት ትሄዳለች፣ ከሰዓት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ እኛ ግቢ ትመጣለች። ቅልሞሽ እንጫወት ነበር። እንደሷ ያለ ክርክረኛ በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ጠጠሩ ነካ አልነካ ብላ ካነሣች መሬት ቢሰነጠቅ አትረታም። እናቷ እትዬ ፋጡማ ዳኛዋ ይሏት ነበር። ጋሼ ሰይድም ከስፌት መኪናቸው ላይ ቀና ይሉና፣ አንቺ የብቸና ሙሽራ፣ ከዚች ጋር ከመከራከር በሬ ማለብ ይቀላል ይሉኛል።

መጽሐፉን ሳሳያት ከእጄ ወስዳ አገላበጠችው።

"ገልብጠሽ ነው የያዝሽው" አለችኝ። ሰዎቹ ቀጥ ብለው እኮ ነው የቆሙት አልኳት። "እሱን አይደለም። በዚህ በኩል ነው የሚጀመረው። ቁርአንም እንዲህ ነው።"

"ይሄ ቁርአን አይደለም።"

"የናንተም ዳዊት አይደለም።"

እሷ በቀኝ በኩል ገልጣ ማየት ጀመረች። ሕፃን ታዝሏል። እናቱ ታጎርሰዋለች። ከዚያ ቤቱ ይቃጠላል። ዘሀራ ጣቷን አመድ ውስጥ በወደቀችው ሴት ላይ አድርጋ፣ ይቺ ሞተች፣ ልጁም ስለ እሷ ነው ሰይፍ የያዘው አለች። መጽሐፉን ነጠቅኋት። ክርክራችን በዚህ ተጀምሮ ለብዙ ቀን ቀጠለ። እሷ የፈሰሰ ደም ተመልሶ ሰው ውስጥ ይገባል ወይ ትላለች፤ እኔ በጎበዜ ሰይፍ ይገባል እላለሁ። እሷ ሽማግሌ ሆኖ የሚወለድ ሰው የት አለ ትላለች፤ እኔ አልተወለደም፣ ታደሰ ነው እላለሁ። አንዱን ስመልስ ሌላ ይዛ ትመጣለች።

አንድ ቀን ዱካውን አሳየችኝ። በዚያኛው መጽሐፍ ሽማግሌው በረዶው ላይ የሚሄድበት ቦታ ነው። በኔ በኩል ሲነበብ መጀመሪያ ሜዳው ሙሉ ዱካ አለ፤ በሚቀጥለው ገጽ ዱካው ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ጥቂት ብቻ ይቀራል። "ሰው ሲሄድ ዱካው ይጨምራል ወይስ ያልቃል?" አለችኝ። ጭቃ ላይ ሄዳ አሳየችኝ፤ ዱካዋ ከኋላዋ እየጨመረ ሄደ። ያን ጊዜ ልቤ እውነቷን እንደሆነ አወቀ። አፌ ግን አላመነም። እናቴ ናት ያነበበችልኝ፣ ከእናቴ አንቺ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት።

"እናትሽ ተሳስታለች" አለችኝ፣ ልክ ስለ ጠጠር እንደምትናገረው።

ከዚያ በኋላ አላናገርኳትም። ብቻዬን ስሆን መጽሐፉን ከግራም ከቀኝም እየገለጥኩ አያለሁ። በአንዱ በኩል እናት ትነሣለች፣ በሌላው በኩል ትወድቃለች። እናቴ ባሕር ዳር ተኝታ ሳለ እኔ ገጹን በየት በኩል እንደገለጥኩት የሚወሰን ይመስለኝ ነበር። አክስቴን እንኳ ጠየቅኋት። የፈረንጅ መጽሐፍ በየት እንደሚገለጥ እኔ በምን አውቃለሁ ብላ ጤፏን መንፋት ቀጠለች።

እንዲህ ስንቆይ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከባሕር ዳር የሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር አክስቴ ቤት ገባ። ወዲያው ዘሀራ ቤት ሂጂና ተጫወቺ ተባልኩ። ተጣልተናል አልኩ። ሂጂ አለችኝ አክስቴ፤ ድምፁ የሷ አይመስልም ነበር። በጋሼ ሰይድ በረንዳ ሳልፍ የስፌት መኪናቸው ቆመ። የብቸና ሙሽራ አላሉኝም። ከጨርቅ ቁራጮቻቸው አንድ ቀይ መርጠው እጄ ላይ አደረጉልኝና ወደ ሌላ አዩ። እትዬ ፋጡማ ከልጆቻቸው ሁሉ አስቀድመው ምሳ አቀረቡልኝ፣ ከዚያ ጉልበታቸው መሃል አስቀምጠው ፀጉሬን ፈተው ቅቤ ቀብተው እንደ አዲስ ይሠሩኝ ጀመር። እጃቸው እንደዚያ ቀስ ሲል አይቼ አላውቅም። ደስ አለኝ። ዛሬ ሁሉም ሰው ምን ነካው ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ በላይ ግን አልሄድኩም።

ዘሀራ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ጭስ ነው አለች ሳልጠይቃት። ትንሽ ቆማ አየችኝና መጽሐፉን ይዤው መጥቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁልጊዜም እይዘዋለሁ። አምጪው አለችኝ። አልፈልግም አልኳት።

"በአንቺ በኩል ነው የምንገልጠው" አለችኝ።

ተመለከትኳት። ሊያሾፍብኝ የሚፈልግ ሰው ፊት አልነበራትም። እትዬ ፋጡማ እጃቸው ፀጉሬ ላይ ቆመ። ዘሀራ አጠገቤ ቁጭ አለችና መጽሐፉን ከጉያዬ ወስዳ፣ እራሷ፣ በገዛ እጇ፣ በግራ በኩል ገለጠችው።

"ተሳስቼ ነው" አለች። "እናትሽ እንዳለችው ነው።"

"ዱካውስ?" አልኳት።

ጣቷን በገጹ ጠርዝ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሰች። ንፋስ ይሆናል የሚያጠፋው አለች። ከዚያ ደግሞ፣ "እሺ አልኩሽ እኮ" አለችኝ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ መለመን።

ያን ጊዜ አወቅሁ። ሹፌሩ ሲገባ አላወቅሁም፣ ቀዩ ጨርቅ ሲሰጠኝ አላወቅሁም፣ ፀጉሬ ሲሠራ አላወቅሁም። ዘሀራ እሺ ስትለኝ ግን እናቴ እንደሞተች አወቅሁ።

አልነገርኳትም። እሷም አልነገረችኝም። በእኛ አገር መርዶ ሰዓት አለው፣ ነጋሪ አለው፤ ልጆች ብንሆንም ይህን እናውቅ ነበር። ስለዚህ አነበብን። እሷ ገጹን ትገልጣለች፣ እኔ አያለሁ። ሴትየዋ ከአመዱ ስትነሣ ዘሀራ "ይኸው ተነሣች" አለች፤ እኔም አዎ ተነሣች አልኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ሳንዘጋው ብዙ ቆየን።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ተቀሰቀስኩ። የአክስቴ ግቢ በሰው ተሞልቷል። አባቴ መጥቶ ነበር፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጢሙ አድጎ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። እናቴ እዚያው ባሕር ዳር ተቀብራለች። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ እኔ ሳይጨርሱ ቀና ብዬ አየኋቸው እንጂ አልጮህኩም። ሴቶቹ ልጅቱ ደነዘዘች እያሉ ውሃ ፊቴ ላይ ረጩ። በግቢው በር በኩል ጋሼ ሰይድ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ዘሀራ ጀለቢያቸውን ይዛ ከኋላቸው ናት። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ እንዳልደነዘዝኩ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ወደ ብቸና ተመለስን። ውሃ የሚቀዳ፣ ለአባቴ የሚያበስል ሰው ያስፈልግ ስለነበር ትምህርቴም ብዙ አልሄደም። ቤቱ ሲያረጅ አባቴ መጻሕፍቱን ገነጣጥሎ ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው። አልከለከልኩትም። ቅደም ተከተል አላወጣላቸውም፣ በእጁ እንደገቡለት ነው የለጠፋቸው፤ ስለዚህ ሴትየዋ በአንድ ግድግዳ ላይ ወድቃም ነበረች፣ ቆማም ነበረች፣ ልጇን አዝላም ነበረች። እያየኋት አደግሁ። ዘሀራን ከተዳረች በኋላ አላየኋትም፤ ወደ ደሴ ሄደች ሲሉ ሰምቻለሁ። ሞጣ በሄድኩ ቁጥር የጋሼ ሰይድን በረንዳ እፈልጋለሁ፣ አሁን ፎቅ ተሠርቶበታል።

ከዚያ ወዲህ አብሮኝ የቀረው ነገር ይህ ነው፤ ቶሎ እሺ የሚለኝን ሰው እፈራለሁ። ባሌ ያረፈ ጊዜም ገና ሳይነገረኝ ያወቅሁት ጎረቤት ሁሉ ሲለሰልስብኝ ነው። ማኅሌትን ክርክረኛ አድርጌ ያሳደግኋት ለዚህ ይሁን አይሁን አላውቅም። ስትጨቃጨቀኝ ሰው ይሰማኛል ብዬ ከላይ እቆጣለሁ፣ ከውስጥ ግን ይሞቀኛል።

ባለፈው ኔትወርክ የመጣ ቀን ደወለች። እንደ ወትሮዬ ጀመርኩ፤ ማታ ተረኛ አትሁኚ፣ ከግቢ አትውጪ፣ መንገዱ ሲከፈት ሥራው ይቅርና ወደኔ ነይ። እማ ደግሞ ጀመረሽ እስክትለኝ ጠበቅሁ።

"እሺ እማ" አለችኝ። "ያልሽው ይሁን።"

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ሆንሽ፣ ማን ምን ሆነ፣ ምን ሰማሽ እያልኩ ስጮህ ስልኩ ተቋርጦ ለራሴ ነበር የምጮኸው። ደጋግሜ ደወልኩ። የለም።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ወሬ ልጠይቅ አልነበረም፤ ሰው እንዴት እንደሚያየኝ ልይ ነው የወጣሁት። ጎረቤቴ አትጠገብ አጥሯ ላይ ነበረች። ያቺ ዶሮሽ ዛሬም ጎመኔን ጫረችው፣ ሌላ ቀን አርጄ ነው የምበላት አለችኝ። ባለሱቁ ሳሙና ስጠይቀው መልስ የለኝም፣ ዘርዝረሽ ነይ ብሎ ፊቱን አዞረ። ማንም አልለሰለሰብኝም። ተመስገን ብዬ ወደ ቤቴ ዞርኩ፤ በሬ ላይ ስደርስ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ያኔ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መርዶዬን ሞጣ ሙሉ ሰው ተሸክሞልኝ፣ አባቴ እስኪደርስ፣ ሰዓቱ እስኪሞላ ይዞልኝ ቆየ። በምሳው፣ በቅቤው፣ በቀይ ጨርቁ ሊያባብለኝ የሞከረ ሰው ነበረኝ። ዛሬ አትጠገብ የምትቆጣኝ ክፉ ስላልተሰማ ይሁን፣ ከሞጣ ምንም መስማት ስለማይቻል ይሁን፣ እሷም አታውቅም። ሁላችንም ስልካችንን ይዘን በየቤታችን ተቀምጠናል።

ስልኩ እስኪመጣ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ሲመጣ የመጀመሪያዋ ደዋይ እሷ ናት። ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ስታዋልድ አድራ እንቅልፍ እያዳፋት ነበር ለካ፤ እሺ ያለችኝ ለዚያ ነው። መንገዱ ሊከፈት ነው ይላሉ፣ ነይ አልኳት።

አልመጣም አለችኝ። ሥራዬን ጥዬ የት እመጣለሁ፣ አንቺ ደግሞ የሰማሽውን ሁሉ እውነት ነው አትበዪ፣ ስልክ ሲቋረጥ ጨርቅሽን አትጣይ፣ በቃ አትጨቅጭቂኝ እማ አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ ደግማ ትቆጣኝ እንደሆን ብዬ ዝም አልኩ።